ማግኔት የያዘው ብረት

መጋቢት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ነጭ ኩባያ ላይ ጥቁር ነጥብ! የፋብሪካው ዕቃ መራጮች መቶ አርባ የቆርቆሮ ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። እያንዳንዱ ላይ ዝንብ ያረፈ ይመስላል። አንዷ «ጋሽ ማግኔት፣ ይሄን ለማን እንሽጠው? ነጠብጣብ ለሚወድ?» ብላ ሳቀች። ሳቂ። አንቺ ምን አለብሽ።

ቀቢዎቹ አይደሉም። ቅቡ ንጹሕ ነው፣ በርሜሉ ውስጥ ራሴ ጣቴን ነክሬ አይቻለሁ። ነጥቡ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ዕቃውን አንጠልጥለው ምድጃ ውስጥ ከሚያስገቡት መንጠቆዎች። ብረቱ ሲግል ቆዳው ይላጣል፣ ቅርፊቱም ቅቡ ላይ ይራገፋል፣ ከዚያ በኋላ በምንም አይለቅም። አዲስ መንጠቆዎች እኮ ናቸው! ሁለት ወር አልሞላቸውም። የድሮዎቹ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን እሳት ሲመላለሱበት ኖረዋል።

ይህን ብረት የገዛችው የግዢ ኃላፊዋ ናት፤ ያለ ወረቀት አትተነፍስም ብለው ወይዘሮ ሠነድ የሚሏት። ነገ አልለቃትም።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

ትናንት ስብሰባ ነኝ ብላ አመለጠችኝ። ዛሬ ቢሮዋ ድረስ ሄድኩላትና የተላጠውን መንጠቆ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወርኩት። ቅርፊቱ ወረቀቶቿ ላይ ተበተነ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«ይሄ ነው ለምድጃ የሚገዛ ብረት?»

«እርስዎ የተቀበሉት ብረት ነው» አለች፣ ድምጿን እንኳ ሳትጨምር። «መጀመሪያ የመጣውን የመለሰው ማን ነበር?»

እኔ ነኝ! ዛሬም ቢመጣ እመልሰዋለሁ። ጥር ላይ ያስመጣችው ዘንግ ፈዛዛ፣ ወፍራም፣ መልኩ ከተራ ብረት የማይለይ ነበር። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ ማግኔቴን ከኪሴ አውጥቼ ሳስጠጋው ጥርቅም አድርጎ ያዘው። «ማግኔት የያዘው ስቴንለስ የኔን ደጅ አይረግጥም! ምን ልትሠሩበት ነው፣ አጥር?» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ከዘንጉ ጋር የመጣውን ወረቀት ዘርግታ «እባክዎ አንድ ጊዜ ያንብቡት» አለችኝ። ወረቀት ምድጃ ውስጥ አይገባም አልኳት። እዚያው ቆሜ የመመለሻ ቅጹ ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ማግኔት የማይዘውን፣ የሚያብረቀርቀውን አመጣች።

ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ማግኔት ሠርቻለሁ። ከድሮዎቹ መንጠቆዎች አንዱንም ይዞ አያውቅም። ጋሽ ማግኔት የሚል ስም ያወጡልኝ በከንቱ ነው እንዴ?

ስወጣ ጸሐፊዋ ለተላላኪዋ «ጩኸት የሚያበዛ ሰው…» ስትል ሰማሁ። በሩን በኃይል ስለዘጋሁት ቀሪው አመለጠኝ።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ኩባያ ዘጠና። ሳፋ ሃያ ሁለት። ቁርስ አልበላሁም፣ ምሳም በቆምኩበት።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

አፏን የምዘጋበት መላ ተገኘ። ከተመለሰው ዘንግ ለናሙና የቆረጥናት ስንዝር የምታህል ቁራጭ እስከ ዛሬ ወርክሾፑ ውስጥ አለች፤ መስኮቱ እንዳይዘጋ የምንደግፍባት። ከእሷ ጎን የአሁኑን ብረት ቁራጭ በሽቦ አሠርኩና ሁለቱንም ምድጃው ውስጥ፣ በርነሩ አጠገብ፣ እሳቱ ከሁሉ በሚብስበት ቦታ ሰቀልኳቸው። ምድጃው ቅዳሜና እሁድ አይጠፋም። ማክሰኞ ይወጣሉ።

ማንም አላየኝም። ውጤቱን ይዤ ነው ብቅ የምለው። የሷ ብረት አመድ ሆኖ ሲወጣ በሳህን አድርጌ ሥራ አስኪያጁ ፊት አቀርብላታለሁ። «ያንብቡት» ትበለኝ እንደገና!

ቤት ስገባ እያፏጨሁ ነበር። ባለቤቴ ገርሟት «ምን ተገኘ?» አለችኝ። ፍርድ ተገኘ አልኳት።

መጋቢት 12፣ ማክሰኞ

አወጣኋቸው።

መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።

ሥራ በዝቷል ዛሬ።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ምን ያሳያል? ምንም። ለዚያውም የስንዝር ቁራጭ! የአሁኑ፣ የእኛው፣ ምናልባት ወደ እሳቱ ጠጋ ብሎ ይሆናል የተሰቀለው። ሽቦውን ያሠርኩት በችኮላ ነው።

ደግሞ የሷ ብረት ምን የተለየ ነገር አሳየ? ትንሽ ጠቆረ፣ በቃ። አልተላጠም፣ እሺ። እንደገባ ወጣ። የእኛው ሽንኩርት መስሏል፣ ልጣጭ በልጣጭ፤ በአውራ ጣቴ ስነካው እጄ ላይ ረገፈ። ይሁን! ታዲያ ምን ይሁን? ሄጄ «ወይዘሮ፣ አንቺ ነበርሽ ልክ» ልበላት? ያ ሁሉ ሰው የሳቀው በሷ ነው፤ አሁን ዞሮ በኔ ይሳቅ?

በጸጥታ አስተካክለዋለሁ። ለሚቀጥለው ግዢ ሌላ ዓይነት ብረት እጠይቃለሁ፣ ማሻሻያ ነው እላለሁ፣ ማንም ሳይነካ ያልፋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

መጋቢት 15፣ ዓርብ

የሚስቴ ወንድም መጣ። መንጠቆዎቹን የሚበይዳቸው እሱ ነው፤ ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን ከኔ ይበልጣል፣ ይህን ለሱ ነግሬው አላውቅም።

«ጋሼ፣ መንጠቆዎቹ እየሳሱ፣ እየተለጠጡም ነው። ኩባያውን ይችሉ ይሆናል። ሳፋውን ግን ከዚህ መስመር ብናወርደው?»

«አንተ በይድ! ማሰቡን ለኔ ተወው» አልኩት።

ሁለቱ ረዳቶቹ አጠገቡ ቆመው ነበር። ፊቱ ቀላ፣ «እሺ ጋሼ» አለና ሄደ። ምን ነካኝ? ሳፋው ቢወርድ «ለምን ወረደ» ይባላል። ለምን ወረደ ከተባለ ደግሞ መልስ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። እሱ ይህን ከየት ያውቃል።

ያም ሆኖ እንዲያ መናገር አልነበረብኝም። ሰኞ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

የግዢ መጠየቂያውን ሞላሁ፤ አንድ መስመር ሲቀር። «የለውጡ ምክንያት» ይላል። ማን ነው ይህን መስመር የፈለሰፈው? እሷ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ነገ።

ኩባያ መቶ ስልሳ።

መጋቢት 26፣ ማክሰኞ

መንጠቆ ተበጠሰ። ከምድጃው አፍ ሲወጣ። ሦስት ሳፋ፣ ገና እንደ ፍም የቀላ። እትዬ ላይ። ከሰንሰለቱ ዕቃ የሚያወርዱት እትዬ ላይ! ቀኝ ክንዳቸው ከክርን እስከ መዳፍ። ጓንቱ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። መኪናው ውስጥ አልጮሁም፣ «ሳፋዎቹ ተበላሹ?» ብለው ጠየቁኝ። ለሳፋው!

መጻፍ አልችልም።

መጋቢት 28፣ ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ የተበጠሰውን መንጠቆ እንደ ዶሮ አጥንት አገላብጦ አየና «ብየዳው አጠገብ ነው የተሰበረው። ብየዳው ነው» አለ። አለቀ። ምርመራው ይኸው ነው! በያጁ ከሥራ ታግዷል፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል። ጥፋቱ ከጸና ይባረራል፤ በሰው ላይ ጉዳት አድርሶ የተባረረ በያጅ ደግሞ የትም ቦታ መበየጃ አያስነኩትም።

ይሄ ሰውዬ ከዚህ በፊት ምን ሲሠራ ነበር? ብርድ ልብስ ፋብሪካ! ስለ እሳት ምን ያውቃል? ጥር ላይ እኔና ወይዘሮ ሠነድ ስንጨቃጨቅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ኧረ ብረት ብረት ነው፣ እሳት ካየው ምን ለየው!» ብሎናል። ጥሬ ሥጋ መስሎታል።

የሚስቴ ወንድም ጭንብሉንና ጓንቱን አስረክቦ ሲወጣ አየሁት።  እኔ ወደ ወርክሾፑ ዞርኩ።

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ዛሬ ሳህን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ወንድሜ መጥፎ በያጅ ነው?» አለች።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አትናገርለትም? ሃያ ስድስት ዓመት የሠራህ ሰው ነህ። አንተ ብትናገር ይሰሙሃል።»

«አንቺ አይገባሽም!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ ስጮኽ ጎረቤት ይሰማል። እሷ ውሃውን ዘጋችና «እውነትህን ነው፣ አልገባኝም» ብላ ወጣች።

የተበላሸው እኮ ግዢው ነው! ሻጩ ነው! በርነሩን በየጊዜው የማያስተካክሉት ናቸው! ሁሉም ሰው ወደኔ የሚያየው ምን አድርጌ ነው?

ሚያዝያ 6፣ ዓርብ

የላቦራቶሪው ሰው፣ ያ መነጽራሙ፣ የተበጠሰውን መንጠቆ ቆርጦ በማጉያ መሣሪያ አይቶታል። ማን ለምኖት እንደሆነ እንጃ። በሻይ ሰዓት ወርክሾፕ ድረስ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ብየዳው ደህና ነው» አለኝ። «የሳሳው ዘንጉ ነው። ይሄ ብረት ለወጥ ቤት፣ ለገንዳ፣ ለወተት ማጓጓዣ ቢሆን ግሩም ነው። አሥራ ስምንት በመቶ ክሮሚየም ነው ያለው። ምድጃው ውስጥ ግን በርነሩ አጠገብ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዲግሪ ያልፋል፣ ያውም ሲግል ሲበርድ፣ ሲግል ሲበርድ። ቆዳው አይችለውም። በተላጠ ቁጥር ይቀጥናል።»

«ማግኔት አይዘውም እኮ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቀ። «ጋሽዬ፣ ማግኔት ቴርሞሜትር አይደለም! የብረቱን ውስጥ አሠራር እንጂ እሳት ይችል አይችል እንደሆን አይነግርዎትም። የድሮዎቹ ኒኬሉም ክሮሚየሙም ብዙ ስለነበር ነው የቻሉት፣ ማግኔት ስላልያዛቸው አይደለም። ማግኔት የሚይዝም አለ፣ ክሮሚየሙ ሃያ አምስት የሚደርስ፣ እሳት የማይልጠው። ሲግል ለስለስ ስለሚል ወፈር አድርገው ነው የሚያዙት።»

ወፈር አድርገው። አጥር ልትሠሩበት ነው ብዬ የሳቅኩበት ውፍረት። አስባበት ነበር ሴትዮዋ።

ሻዬን ትቼ ተነሣሁ። በዚህ ሰውዬም ተናድጃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጥር ላይ የት ነበር? አልጠየቅኩትም እንጂ እዚያው ከበላዬ ፎቅ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ሠነድ ወርክሾፕ መጣች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከግዢ ክፍል ማንም እዚህ ዘይት ረግጦ አያውቅም። እጇ ላይ የመመለሻ ቅጹ ነበር፣ ከነፊርማዬ። «ምክንያት፦ ማግኔት ይይዛል» ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በትልቁ።

«ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰባል» አለች። «ይህን እኔ ላቀርበው እችላለሁ። ካቀረብኩት ግን ሁለታችን ተጣላን፣ እሷ ተበቀለችው ይባላል፤ ልጁንም ላያድነው ይችላል። ከእርስዎ አፍ ቢወጣ ይሻላል።»

«እያስፈራራሽኝ ነው?»

«አይደለም። ዓርብ እስኪደርስ ዝም እላለሁ ማለቴ ነው።»

ከሄደች በኋላ መዶሻ አንሥቼ ጉጠቱ ላይ የነበረውን ዘንግ ደበደብኩት። ምን ዓይነት ሴት ናት? ብትሰድበኝ ምን ነበረበት! ብትስቅብኝ፣ እኔ የሳቅኩባትን ያህል! እንዲህ በትሕትና ሰውን መቅጣት ከየት ተማረች? ያ ሁሉ ሰው ፊት «ያንብቡት» ስትለኝ ድምጿ ይኸው ነበር።

ሚያዝያ 12፣ ሐሙስ

እንዴት እንደምል ሳስብ ዋልኩ። ተሳስቻለሁ ማለት ይቻላል። ሰው ይሳሳታል። ማግኔቱ አሳሳተኝ፤ ይሄ እውነት ነው። ቅጹን የፈረምኩት በቅን ልቦና ነው፤ ይሄም እውነት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ያ ማክሰኞ የሚመለከተው የለም። ለልጁም የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሚያዝያ 13፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

ሥራ አስኪያጁ፣ ወይዘሮ ሠነድ፣ መነጽራሙ፣ የሠራተኛው ተወካይ፤ የሚስቴ ወንድም ጥግ ላይ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ብየዳው ደህና ነው አልኩ። ትክክለኛውን ብረት የመለስኩት እኔ ነኝ አልኩ። ወረቀቱን አንብብ ተብዬ አላነበብኩም አልኩ። 

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ብረቱ የማይሆን መሆኑን መቼ አወቁ?» አለ።

«ላቦራቶሪው ሲነግረኝ ነው። ባለፈው ሳምንት።»

ወይዘሮ ሠነድ ቀና ብላ አየችኝ። 

ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የሚስቴ ወንድም ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኮሪደር ላይ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፣ ትከሻዬን አረጠበው። ባለቤቴ በስልክ ስትሰማ እልል አለች። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ሚያዝያ 16፣ ሰኞ

ዛሬ ሁሉም ጀግና ነህ ይለኛል። መራጮቹ ከወንበራቸው ተነሡ። ዘበኛው እንኳ «ስሕተቱን የሚያምን ሰው አሁን የት ይገኛል!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ምሳ ቤት አንዱ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሲያወራ እኔም «ሰው ጥፋቱን ቶሎ ማመን አለበት» ብዬ አስተማርኩ። አፌን ጉድ በላው! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ልጅ ፋብሪካው በር ላይ አስጠራችኝ። እናቷ ልከዋት ነው። «እውነትህን በሰው ፊት ስለተናገርክ እግዜር ይባርክህ፣ አንተን የመሰለውን ያብዛልን፣ ልጆችህ ይባረኩ ብላሃለች» አለችኝ። ክንዳቸውን ጠየቅኩ። ከጭናቸው ቆዳ ተወስዶ እንደተለጠፈ፣ ጣታቸው ገና እንደማይታጠፍ ነገረችኝ። «አሜን» አልኳት። ምን ልበል? አሜን አልኩ!

በዚህች ልጅም ተናደድኩ። ማን ነው ነይልኝ ያላት?

ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

አዲሱ ዘንግ መጣ፣ ያው ወፍራሙ፣ ፈዛዛው። ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሁለት ቃል አልገባኝም፣ መነጽራሙን ጠየቅኩ።

የሚስቴ ወንድም የመጀመሪያውን መንጠቆ ሊበይድ ሲል እኔ ያዝኩለት። ጭንብሉን ሳያወርድ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳፋውን ከመስመሩ እናውርድ ያልኩህ ዕለት እንደዚያ የተቆጣኸኝ ለምን ነበር?»

«ሥራ በዝቶብኝ።»

«አንተ ሥራ ሲበዛብህ ትሳደባለህ እንጂ ዓይንህን አትሰብርም። ያን ቀን ዓይኔን አላየኸኝም። ታውቅ ነበር?»

ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲሆን የሚመጣው ጩኸት የት እንደገባ አላውቅም።

«ማክሰኞ ነው ያወቅኩት» አልኩ። «ምድጃ ውስጥ ሁለቱንም ሞከርኳቸው። አንተ የነገርከኝ ዓርብ ነው።»

በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ማክሰኞ እትዬ እስከተቃጠሉበት ማክሰኞ። አሥራ አራት ቀን።

«ኮሚቴው ፊት ባለፈው ሳምንት አልክ።»

«አልኩ።»

«እኔስ እሺ፣ ሥራዬ ተመለሰልኝ» አለ። «እትዬ ግን ምን ይመለስላቸዋል? እየመረቁህ ነው እኮ! እህቴ በስልክ ነግራኝ እኔም አሜን ብያለሁ!» መበየጃውን አስቀመጠና ሌላ ሰው ዘንጉን እንዲይዝለት ጠራ።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ያወቅኩበትን ቀን አረምኩ። ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከወርክሾፕ ኃላፊነቴ ወርጃለሁ። ወይዘሮ ሠነድ ደብዳቤውን ስታደርሰኝ ዛሬም አልሰደበችኝም። ይሁን፣ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ እንደፈለገች ትሁን።

ለባለቤቴም ነገርኳት። ወንድሟ ነግሯት ኖሯል።

አንድ ሰው ቀረ።

ሚያዝያ 21፣ ቅዳሜ

እትዬ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ። ቀኝ እጃቸው ከነፋሻው ደረታቸው ላይ ታስሯል፣ በግራቸው ወንበር ሳቡልኝ። «ግባ ወንድሜ፣ ምነው ቆምክ? ሻይ አለ» አሉ። ልጃቸው ብርጭቆ ይዛ ወጣች።

ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሁለቱን ቁራጮች፣ ማክሰኞን፣ መሳቢያውን፣ ዓርብ ኮሚቴው ፊት የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን። «የለውጡ ምክንያት» የምትለዋን መስመር ሳይቀር። አንድም ሰበብ አልጨመርኩም፤ ተዘጋጅቼባቸው የመጣሁ ሁለት ሰበቦች ነበሩ፣ እዚያ ስቆም ግን አፌ ላይ አልመጣ አሉ። ልጃቸው ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ጩኸት ቢሆን የማውቀው ነገር ነው፣ እችለዋለሁ። እሳቸው ግን የታሰረውን እጃቸውን በግራቸው ደግፈው መሬት መሬት አዩ።

«ሰኞ ዕለት በልጄ ምርቃት ልኬልህ ነበር» አሉ። «ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እዚሁ አስቀምጥልኝና ሂድ።»